ባህር ወሰደው የተባለው አባቴ

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ፒኮ ጎዳና ላይ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ሳለ አንዲት ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው የምትባል ልጅ ሊነሳ የተዘጋጀ አውቶቡስ ላይ ለመድረስ ስትሮጥ አየሁ። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ይዘላል፣ እናቷ እየሳቀች ከኋላ ትከተላታለች። ሌላ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ሳላስበው «አትሩጪ!» ብዬ ጮህኩ፣ ያውም በአማርኛ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷም እናቷም ደርሰው ተሳፈሩ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ የራሴንም አውቶቡስ አሳለፍኩ።

ይህን ያስደረገኝ የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት የሆነ ነገር ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ከልጄ ከሰሚራ ጋር ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ገና ዓመት ከመንፈቅ ነው። ባለቤቴ፣ የሰሚራ አባት፣ ወረቀቱ ስላላለቀለት አዲስ አበባ ቀርቷል። እኛ ሚድ ሲቲ፣ የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቅ አፓርትመንት አንዲት ክፍል ይዘን እንኖራለን። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ ስለዚህ ዌስትቼስተር ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ሥራውን ያስገቡኝ ጋሼ እንድሪስ ናቸው። እሳቸው የሆቴሉን ሻትል፣ እንግዳ የሚያመላልሰውን መኪና፣ ድራይቭ ያደርጋሉ። ከአባቴ ጋር ከአሰብ ተነስተው በአንድ መርከብ፣ በአንድ የሞተር ክፍል ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አባቴ ይመር ሲሞትም መርዶውን ወሎ ድረስ ይዘው የመጡት እሳቸው ነበሩ። ስንገባም ኤርፖርት የተቀበሉን እሳቸው ናቸው፣ በዚህ አገር እንደ አባት የማያቸው እሳቸውን ብቻ ነበር።

ሰሚራ መጀመሪያ የወደቀችው በረመዳን ነው። ትምህርት ቤት፣ ሜዳው ላይ። ያን ቀን «እኔም እንደ ትልቅ ሰው እጾማለሁ» ብላ ሙጭጭ ስላለችብኝ እሺ ብያት ነበር። ደውለው ጠሩኝ፣ ወሰድኳት፣ ተምርና ትንሽ የአጃ ሾርባ ሰጠኋት፣ ተነሳች። ጋሼ እንድሪስ ሰምተው ተቆጡኝ።

«ሕፃን ልጅ ማን አስጹሚ አለሽ? ሙፍቲ ሆነሻል እንዴ?»

«እሷ ናት እንቢ ያለችኝ፣ ጋሼ።»

«እሷማ ኤሮፕላን ልንዳ ብትልሽስ?»

ሳቅን፣ በዚያው ተረሳ። ለትምህርት ቤቱም «ሳትበላ ሄዳ ነው» አልኳቸው። ለአባቷ ጭራሽ አልነገርኩትም።

ረመዳን አልፎ፣ ዒድ አልፎ፣ የሎስ አንጀለስ የክረምት ዝናብ ጀመረ። አንድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ገና እንደረጠበ ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ አውቶቡሱ ቀድሞን ቆሞ አየነው። ሰሚራ እንቁላል በዳቦ በልታ፣ ብርቱካን እየላጠች ነበር የምትሄደው። «ቀድሜ አስቆመዋለሁ!» ብላ ሮጠች። አሥር እርምጃ ያህል ብትሮጥ ነው። ከዚያ ወደቀች። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፣ እሷ እጇን እንኳ አልዘረጋችም፣ ብርቱካኑን እንደያዘች በፊቷ ተደፋች። ሳገላብጣት ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አያይም። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ሹፌሩ ወርዶ አንድ ነገር ይለኛል፣ አልሰማውም። ስሟን እጠራለሁ፣ ጉንጯን እመታለሁ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በኋላ ድንገት አየር ሳበችና «እማዬ፣ አውቶቡሱ ሄደ?» አለችኝ።

ያን ቀን ጾም አልነበረም። ልጄ ጠግባ ነበር። አደጋው ፊት ለፊቴ የቆመው ያኔ ነው።

ሐኪም ቤት አብራኝ የሄደችው ጎረቤቴ ሀያት ናት። ቀን ኮሌጅ ነርሲንግ ትማራለች፣ ማታ ፌርፋክስ ምግብ ቤት ትሠራለች። እንግሊዝኛ የሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ምላሴ እሷ ነበረች። የልብ ሐኪሟ ቀጭን ሴት ናት፣ ስትናገር ቀስ ትላለች። የሰሚራን ልብ በማሽን አይታ የልቧ ግድግዳ ከሚገባው በላይ ትንሽ ወፈር ያለ መሆኑን ነገረችን። ምንም ላይሆን ይችላል፣ በዘር የሚተላለፍ፣ በድንገት የሚገድል ዓይነት በሽታም ሊሆን ይችላል። ያኛው ከሆነ ደረቷ ላይ ቆዳዋ ሥር ትንሽ መሣሪያ ይቀመጣል፣ ልቧ ሲሳሳት በኤሌክትሪክ ይመልሰዋል። ነገር ግን ሳያረጋግጡ የሕፃን ደረት አይከፍቱም።

«ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም» አልኩ። «አባቴ በወጣትነቱ ነው የሞተው፣ እሱን ግን ባህር ነው የወሰደው። መርከበኛ ነበር።»

ሀያት ተረጎመችላት። ሐኪሟ «ዋና አይችልም ነበር?» አለች።

አባቴ የተወለደው ሐይቅ ዳር ነው። ለእረፍት ሲመጣ እኔን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ዳር ላይ ያሉ ሴቶች እየጮሁበት፣ ራቅ ወዳለው ውሃ ይዋኝ ነበር። ውሃው ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ፣ የሱ ትከሻ ከሥሬ ሲንቀሳቀስ ዛሬም ይሰማኛል። ባህር ወሰደው ሲሉን እናቴም እኔም አንድ ቀን እንኳ «እንዴት?» አላልንም። ሐዘን ቤት ውስጥ እንዴት ተብሎ አይጠየቅም። ለማስተዛዘን የመጣ ሰው የነገረህን ይዘህ ታለቅሳለህ።

«የአባትሽን አሟሟት አጣሪልኝ» አለችኝ ሐኪሟ። «እስከዚያ ልጅሽ አትሩጥ፣ ደረጃ ቶሎ አትውጣ፣ አትደንግጥ።»

ስምንት ዓመት የሆናትን ልጅ እንዳትደነግጥ እንዴት አድርገው ይጠብቋታል? ስልኩን ድምፁን ቀነስኩ። በር በቀስታ እዘጋለሁ። ሌሊት እየተነሳሁ አፍንጫዋ ሥር እጄን አደርጋለሁ። አባቷ ሲደውል «ሰሚራ እንዴት ናት?» ይለኛል፣ «ደህና ናት፣ እየተማረች ነው» እለዋለሁ።

በማግስቱ ሻትሉ ውስጥ ከጋሼ እንድሪስ ጎን ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አባቴ እንዴት ነው የሞተው?»

«ባህር ነው አልኳችሁ። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«ዋና እኮ ይችል ነበር።»

«የሐይቅ ውሃና ውቅያኖስ አንድ ነው? የሞተን ሰው አትቀስቅሺው፣ መዲና። ዱዓ አድርጊለት።» ይህን ብለው ሬዲዮውን ከፈቱ። ጋሼ እንድሪስ ሲነዱ ሬዲዮ ከፍተው አያውቁም።

አባቴ የላከው የመጨረሻ ፖስትካርድ ከኔ ጋር ነበር። እናቴ ቁርኣን ውስጥ አኑራው ኖራ ስወጣ የሰጠችኝ ነው። ግራጫ የድንጋይ ቤቶችና ወደብ አለበት። ሀያት ጀርባውን አነበበችልኝ፦ አበርዲን፣ ስኮትላንድ።

«ቢሰምጥም ባይሰምጥም፣ እዚያ አገር ሞቶ ከሆነ ተመዝግቧል» አለች። «እንግሊዞች የሞተ ድመት ሳይቀር ይመዘግባሉ።»

«ስኮትላንድ እንግሊዝ ነው?»

«እዚያ ደውለሽ እንዲህ ብለሽ እንዳትጠይቂያቸው!»

የስልክ ካርድ ከፌርፋክስ ገዛን። የነሱ ቢሮ የሚዘጋው እኛ ገና ሥራ ሳንገባ ስለሆነ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሀያት በፒጃማዋ፣ እኔ በሥራ ልብሴ፣ ከኩሽናው ወንበር ላይ እንደውላለን። የከተማዋን የመቃብር ቦታዎች መዝገብ የሚይዝ ቢሮ አገኘን። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ደግ ነው። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ የሞተበትን ዓመት ሰጠኋት። የያንዳንዱን መቃብር መጽሐፍ አይታ እንድትነግረን ቀጠሮ ሰጠችን።

በሦስተኛው ቀን ደወልን። የለም። በዚያ ዓመት በከተማው መቃብሮች ሁሉ በዚህ ስም የተቀበረ ሰው የለም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የምመኘውን አላውቀውም ነበር። መቃብሩ ከተገኘ አባቴ ባህር ውስጥ አልቀረም፣ ልጄም ምናልባት የሱን ልብ ይዛለች። ካልተገኘ ሐኪሟ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች፣ እኔም የልጄን ትንፋሽ እየቆጠርኩ ሌላ መሮጥ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሰው የአባቱን መቃብር አጥቶ ያለቅሳል። እኔ ባገኘውም ባላገኘውም የሚያስለቅስ ነገር ፍለጋ ገብቼ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ሀያት ከምግብ ቤቱ ሳንቡሳ ይዛልን መጣች። ሰሚራ አልጋ ላይ ሥዕል ትቀባለች። ሀያት እያኘከች የአባቴን ስምና የሞተበትን ዓመት የጻፍኩበትን ወረቀት ስታይ ማኘኳን አቆመች።

«ቆይ። ይሄ ዓመት በኛ ነው በፈረንጅ?»

«እናቴ የነገረችኝ ነው።»

«እናትሽ በፈረንጅ ትቆጥራለች?»

ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩ።

«አንቺ ሴትዮ!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው። «ሰውዬው ገና ሳይሞት ነው እንዴ መቃብሩን ስናፈላልግ የከረምነው? እዚያ ዓመት ላይ እኮ አንቺን ጀርባው ላይ አዝሎ ሐይቅ ውስጥ ይዋኝ ነበር!»

ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ ሰሚራም እኔን አይታ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩ፣ ልጄ ሰምታ እንዳትደነግጥ።

ሰኞ ጠዋት ስምንቱን ዓመት ጨምረን ደወልን። ሴትዮዋ ስልኩን ሳትዘጋ ሄዳ ተመለሰች። አለ። ከከተማው ዳር ባለ ትልቅ መቃብር፣ ከተማው ዘመድ የሌላቸውን በሚቀብርበት መሬት፣ ድንጋይ የሌለው፣ ቁጥር ብቻ ያለው ቦታ። የሞተበትን ምክንያት ግን የመቃብር መዝገብ አይጽፈውም አለችን፣ ያንን የሚይዘው የሞት መዝገብ ነው፣ ሌላ ቢሮ። እዚያ ደግሞ እሷው ራሷ ደወለችልን። ፊቷን አይቼ አላውቅም፣ ስሟንም በደንብ አልያዝኩትም፣ እስከ ዛሬ ግን በዱዓዬ አለች።

ወረቀቱ ሐሙስ ዕለት ፌርፋክስ ትኬትና ካርጎ የሚሠራ ሱቅ በፋክስ መጣልን። ማሽኑ እየተንጫጫ ቀስ እያለ ያወጣዋል። መጽሐፉን እንዳለ ፎቶ አንስተው ነው የላኩት፣ ጽሑፉ የእጅ ነው፣ ተቀጣጥሎ የተጻፈ የፈረንጅ ጽሑፍ። አንዱንም ፊደል አላውቀውም። ከታች፣ ከጥጉ ላይ ግን አንድ ነገር አነበብኩ። በአማርኛ ነው የተጻፈው። ሟቹን ያስመዘገበ ሰው የሚፈርምበት ቦታ ላይ፣ ግራ በገባው ጣት፣ ጠመም ብሎ፦ እንድሪስ ሰይድ።

ሀያት ከላይ ጀምራ ታነባለች። የአባት ስም። የእናት ስም፣ የሴት አያቴ ስም ሳይቀር እዚያ አለ፣ የሞተበት ቦታ፣ ወደብ ላይ በቆመ መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ። ዕድሜ ሠላሳ አራት። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ።

«ልብ ነው፣ መዲና። የልብ ጡንቻ ውፍረት ይላል። ሬሳው ተመርምሮ ነው የታወቀው።»

ሱቁ ውስጥ አንድ ሰውዬ ስለ ካርጎ ኪሎ ይከራከራል። እኔ ወረቀቱን አጣጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ዌስትቼስተር አውቶቡስ ያዝኩ።

ጋሼ እንድሪስን ከሆቴሉ ጀርባ፣ ሻትሉን ፓርክ አድርገው መስተዋት ሲወለውሉ አገኘኋቸው። አውሮፕላኖቹ ጣሪያ ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ከላያችን ይወርዳሉ፣ አንዱ ባለፈ ቁጥር አፋችንን ይዘን እንጠብቃለን። ወረቀቱን ዘርግቼ ፊርማቸውን አሳየኋቸው።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

መነጽራቸውን አወጡ፣ አዩት። ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ጋሼ፣ ልጄን ሊያሳጡኝ ነበር! ልጄ እየሞተች እኮ ነው አንቱ ሬዲዮ የሚከፍቱብኝ!»

«ሰሚራ? ሰሚራ ምን ሆነች?»

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ለሳቸውም አልነገርኳቸውም ነበር። የመጀመሪያውን መውደቅ ጾሙ ነው ብለን ስቀን አልፈነዋል፣ ከዚያ ወዲህም «ትንሽ አሟት ነው» እያልኩ ነው የከረምኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። መሬት ላይ፣ ከሻትሉ ጎማ አጠገብ ተቀመጡ።

«ሁለት ጊዜ ወድቆ ነበር፣ መርከብ ላይ» አሉ ቀስ ብለው። «ካወቁ ያባርሩኛል ብሎ አስማለኝ። በሦስተኛው አልተነሳም። ሐኪሞቹ ሳልፈቅድላቸው ወስደው ቀደዱት። ልቡ የሁለት ሰው ልብ ያህላል አለኝ አንዱ፣ በጡጫው እያሳየኝ። ትጥበቱን አልፈቀዱልኝም። መርከቡ ይሄዳል፣ ጊዜ የለም። እኔና ሁለት መርከበኞች ብቻ ነን የቀበርነው። ቂብላው፣ የመካው አቅጣጫ፣ ወዴት እንደሆነ ከመኮንኑ ኮምፓስ ተውሼ ነው የለየሁት። እንግዲህ እናትሽ ዘንድ ገብቼ ምን ልበላት? ቆራርጠውት ሳይታጠብ ከፈረንጅ ጋር ቀበርኩት ልበላት? የሰመጠ ሰው ሸሂድ ነው፣ የሰማዕት ሞት ነው። ሸሂድ ሆኖ እንዲቀርላት ብዬ ነው።»

አንድ አውሮፕላን አለፈ። ልሰድባቸው ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ አጣሁት። የሰሚራ አባት በደወለ ቁጥር «ደህና ናት» ስለው የከረምኩት እኔ ነኝ።

«ተነሱ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ሐኪሟ ዘንድ ይውሰዱኝ። ያዩትን ራስዎ ይንገሯት።»

ሻትሉን ሳያስፈቅዱ ነዱት። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ጋሼ እንድሪስንም ስለ አባቴ መውደቅ ሁሉ ጠየቀቻቸው። ከዚያ «ኦኬ» አለች፣ «ከዚህ በኋላ አንጠብቅም።» ሰሚራን መሣሪያውን ሊያደርጉላት ቀዶ ጥገና ያስገቧት በአራተኛው ቀን ነው። የተመላለስኩበትን ኮሪደር ወለል ዛሬም አውቀዋለሁ፣ ከአንዱ በር እስከ ሌላው አርባ ሦስት ንጣፍ አለው። ጋሼ እንድሪስ ሙሰበሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። እየጠበቅሁ ሳለ ለባለቤቴ ደወልኩና መጀመሪያ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ጮኸብኝ። ስድቡንም ልቅሶውንም እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ልጄ ወጣች። በኋላ እኔንም ሲያዩኝ የኔም ልብ እንደሷው ሆኖ ተገኘ፣ በጸደይ ላይ ለኔም ያንኑ መሣሪያ አስገቡልኝ። ከአባቴ ያመጣሁት፣ ለልጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን ማወቅ ቀላል አይደለም፣ ግን አለማወቁ ሊገድለን ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከጋሼ እንድሪስ ጋር አበርዲን ሄድን። ግንቦት ነበር፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል፣ ነፋሱ ከባህሩ ጨው ይዞ ይመጣል። አንድ የመቃብሩ ሠራተኛ ካርታ ይዞ፣ ከአጥር እየለካ፣ በእርምጃው እየቆጠረ ወሰደንና ቆመ። ሣር ብቻ ነው። ጎኑም ሣር፣ ከራስጌውም ሣር። ጋሼ እንድሪስ ወዲያና ወዲህ አዩና «ያኔ ዛፉ ትንሽ ነበር» አሉ። የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን፣ ቀራንለት። ከዚያ ተንበርክከው ሣሩን በእጃቸው እየዳበሱ «ይመር፣ ይቅር በለኝ» አሉት። እኔ ዞር ብዬ ባህሩን አየሁ። በዚያ ባህር ላይ ስንት ዓመት በከንቱ እንዳለቀስኩበት አሰብኩ።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እናቴ ባሏ ሸሂድ እንደሆነ አምና፣ በዚያ ኮርታ ሞተች። ልክ ይሁን ስህተት እስካሁን አልቆረጠልኝም። ሰውን ከሐዘን ለመከለል ብለን የምንዋሸው ውሸት አንዳንዱን ያሳርፋል፣ አንዳንዱን ይቀብራል፣ ሲነገር ግን የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ለራሴ የወሰንኩት አንድ ነገር አለ፦ በኔ ቤት የሚታመም ሰው በሽታው በስሙ ይጠራል። ጋሼ እንድሪስም ሲያልፉ ምን እንደገደላቸው ልጆቻቸው ለለቀስተኛው ሁሉ ሳይደብቁ ተናገሩ፣ እሳቸው ናቸው አዘው የሞቱት።

ሰሚራ አሁን ሠላሳ አልፏታል። መሣሪያው አንድ ጊዜ ሠርቷል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ሳለች። ወድቃ ተነሳች፣ ደውላ ራሷ ነገረችኝ። የአበርዲኑ ወረቀት ባይገኝ ኖሮ ያን ቀን የሚነሳ ሰው አልነበረም። ፍርሃቱ ከኔ አልወጣም፣ የሚወጣም አይመስለኝም። እሷ ግን በሕይወት አለች፣ እኔም አለሁ። ተርፈናል፣ ደህና ነን።